ያልተዘጋው ደም ስር

ኳሱ ሁለት የሆነብኝ በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ሸሕዲ፣ ትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ወሩ መጋቢት ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ሴቶችን ቅብብል እያለማመድኩ ሳለ አንዷ ልጅ ኳሱን ወደ እኔ ላከችው፤ ሁለት ኳሶች ጎን ለጎን እየተንከባለሉ መጡ። በቀኝ በኩል ያለውን ልመታ እግሬን ሰነዘርኩ፤ አየር መታሁ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እንደገና ላኩልኝ፣ እንደገና ሳትኩ። ያኔ ከልጆቹ አንዳቸውም አልሳቁም።

ከዚያ በፊት ጥቂት ቀናት ከግራ ዓይኔ ጀርባ የሚጠዘጥዝ ራስ ምታት ይዞኝ ነበር። ቆላ ውስጥ ራስ ምታት አንድ ስም ነው ያለው፤ ወባ። ራስህን ካመመህ ወባ ነው፣ ከበረደህ ወባ ነው፣ ምግብ ከዘጋህም ወባ ነው። እኔም ስፖርት ላስተምር ከጎጃም ደጋ ከወረድኩ ጀምሮ ወባ ደጋግሞ ጥሎ አንስቶኛል። አብራኝ ቤት የተከራየችው ጓደኛዬ የጤና ጣቢያ ነርስ ናትና ያን ዕለት ማታ ጣቴን ወግታ ደሜን ወሰደች። ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም።

«ወባ የለብሽም» አለችኝ።

«ታዲያ ምን አኮሳተረሽ?»

«ወባ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የግራ ዓይኔ ቆብ ወርዶ አገኘሁት። በጣቴ ቀና አደረግሁት፤ ስለቅቀው ተመልሶ ወረደ። መስተዋቱ ውስጥ ያለችው ሴት በአንድ ዓይኗ ትጠቅሰኝ ይመስል ነበር። ጓደኛዬ ቁርስ ልታቀርብ ስትገባ አየችኝ፤ የያዘችውን ሰሃን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና በሁለት እጇ ፊቴን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ።

«ጎንደር ትሄጃለሽ። ዛሬውኑ።»

«ዛሬ ሦስት ክፍል አለኝ።»

«ስሚኝ። የታመመው ዓይንሽ አይደለም። ዓይንሽን የሚያዘው ነርቭ ላይ የሆነ ነገር ተጭኖበታል። ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ የሚያውቁት እዚያ ናቸው።»

ያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ ሌላ ቀን ዝግ ነበር። መነኸሪያው ውስጥ ሚኒባሶቹ በሰልፍ ቆመው ሾፌሮቹ ጥላ ሥር ካርታ ይጫወታሉ። «ዛሬ ወደ ላይ መኪና የለም፣ እህቴ» አለኝ አንደኛው ካርታውን ሳይጥል። ጓደኛዬ እንደ ፍየል ጎትታ ወደ ከተማው መውጫ ወሰደችኝ፤ ሰሊጥ የጫኑ አይሱዙዎች በአጀብ ሊወጡ ቆመው ነበር። አንድ ሽማግሌ ሾፌር ዓይኔን አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«ምች ነው የመታሽ። ዳማከሴ ብትታጠኝ ይለቅሻል።»

«ምች ቢሆን እዚሁ በለቀቃት ነበር፣ አባባ» አለችው ጓደኛዬ። «ይዘዋት ይውጡ።»

ሽማግሌው ጋቢናውን ከፈተልኝ። መንገዱን ሙሉ አንዴ ስለ ሱዳን ጦርነት፣ አንዴ ከገላባት ስለሚሻገረው ስደተኛ፣ አንዴ ስለ ሰሊጡ ዋጋ ያወራል። እኔ አንድ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ መንገዱ አንድ እንዲሆንልኝ እታገል ነበር። ስንደርስ ሆስፒታሉ በር ድረስ በዚያ ግዙፍ መኪና አስገባኝ፤ ዘበኛው ጮኸበት፣ እሱም መልሶ ጮኸበት። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም፤ ስሙንም አልጠየቅሁትም።

ጎንደር የመረመረኝ ሐኪም ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በደም ስሬ መድኃኒት ገብቶ የራሴ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ጠርቶ ከጎኑ አስቀመጠኝና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። የራሴን ውስጥ አየሁ። በክረምት ጎርፍ የተሸረሸረ ኮረብታ ላይ ያሉ ፈፋዎችን ይመስላል።

«እናታችን ማህፀን ውስጥ ሳለን» አለኝ፣ «ከፊት በኩል ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ስር ከኋላው ጋር የምታገናኝ አንዲት አጭር ደም ስር አለች። ሁላችንም ነበረችን። ሥራዋን ስትጨርስ፣ ገና ሳንወለድ፣ ትዘጋና ትጠፋለች። አንቺ ዘንድ ግን አልተዘጋችም። ይቺውና። እንዲህ ያለው በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው።»

«ዓይኔን የጣለችው እሷ ናት?»

«እሷ አይደለችም። ይሄኛው ነው።» በእስኪርቢቶ ጫፍ አንድ ቦታ ነካ። ደም ስሯ ከትልቁ ጋር በምትጋጠምበት ላይ፣ የብስክሌት ጎማ ውስጥ ያለችው ከመነዳሪ ሳስታ እንደምትነፋው፣ አንድ ጎን አብጦ ይታያል። «አኑሪዝም እንለዋለን። ግድግዳው ሳስቶ የተነፋ ቦታ ነው። ነርቩ ላይ የተኛው እሱ ነው።»

«ደም ስሯ ስላልተዘጋች ነው የመጣው?»

እስኪርቢቶውን አስቀመጠ። «ሁለቱ አብረው የተገኙባቸው ሰዎች አሉ። አንዱ ሌላውን ያመጣል የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ አይ፣ ያጋጠመ ነገር ነው የሚሉም አሉ። እርግጡን አላውቅም ብልሽ ይሻላል።»

አላውቅም በማለቱ ወደድኩት። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ከጓደኛዬ በቀር ያገኘሁት ሰው ሁሉ ያውቅ ነበርና።

«ቢፈነዳስ?»

«ብዙ ሰው አይተርፍም። ይፈነዳል ልልሽ አልችልም፤ አይፈነዳም ልልሽም አልችልም። ነርቩን መጫን መጀመሩ ግን ደግ ምልክት አይደለም፤ ቶሎ መታከም አለበት። አዲስ አበባ በደም ስር ገብተው እብጠቱን የሚሞሉ ሐኪሞች አሉ፤ ዛሬውኑ እደውልላቸዋለሁ። እስከዚያ እንዳትሮጪ፣ ከባድ ነገር እንዳትሸከሚ፣ እንዳትናደጂ።»

«እንዳትናደጂ የሚለውን ቢተውልኝ፣ ዶክተር።»

ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም። ንዴቱ ከዚያች ወንበር ላይ ሳልነሳ ጀምሮኝ ነበር። ለምን በኔ የሚል አልነበረም። ራሴ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የኖረች ደም ስር ሳለች፣ ከአሁን ወዲያ ሰው የሚያውቀኝ በእሷ ብቻ እንደሚሆን ስለታየኝ ነው።

አልተሳሳትኩም። እናቴ ከጎጃም ደርሳ፣ ከተኛሁበት ክፍል መስኮት ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከሩቅ ሳያት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ከኋላዋ ጎንደር የምትኖረው አክስቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከተላለች። እናቴ አልጋው አጠገብ ስትደርስ እግሬን ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

«እማዬ፣ ነጠላሽን አስተካክይ።»

«እ?»

«ለለቅሶ ነው የለበስሽው። አልሞትኩም።»

እናቴ ነጠላዋን አየች። ሆን ብላ እንዳላደረገችው ከፊቷ አወቅሁ፤ እጇ ነው ያደረገው። አስተካከለችና ተቀመጠች። ብዙ ቆይታ፣ አክስቴ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ማህፀኔ ውስጥ ሳለሽ መዘጋት ነበረበት አሉ?»

«አዎ።»

«እኔ ነኛ ያጎደልኩሽ። አንቺን ስሸከም ያን ዓመት እህል አልነበረም…»

«እማዬ፣ ጎዶሎ የት አለ? የሌላው ሰው ጠፍቶ የኔ ነው የቀረው። ትርፍ ነው የወለድሽው።»

ልትስቅ ፈልጋ አቃታት። ግን በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች።

የአዲስ አበባው ቀጠሮ ለሚቀጥለው ሳምንት ተያዘልኝ። እናቴ እስከዚያ ጠበል ካልተጠመቅሽ አለችኝ፤ እሺ አልኳት። ጠበሉን ተጠምቄ ያደግሁ ነኝ፤ ጠቤ ከእግዚአብሔር ጋር አልነበረም። አጥማቂው ካህን ነገሩን ሲሰሙ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው፣ «ቀጠሮሽን እንዳታሳልፊ፤ ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው» አሉኝ። እናቴ ከሁሉ ይልቅ ይህንን ለመስማት ፈልጋ ኖሯል፤ ከዚያ በኋላ ለአዲስ አበባው ጉዞ ልብሴን የምታጥፈው እሷው ሆነች።

ያስቸገረችኝ አክስቴ ናት። ለሰው አትንገሪ ትለኛለች። ዓይኔን በጥቁር መነጽር እንድሸፍን አንድ ከገበያ ገዝታ አመጣችልኝ። «ገና ያላገባሽ ልጅ ነሽ» አለችኝ። «ራሷ ውስጥ የሚፈነዳ ነገር አለ ከተባለ ማን ይጠጋሻል?»

«የሚፈራ አይጠጋኝ።»

«አፍሽ!» አለች አክስቴ። «ጤነኛ ሳለሽም ይሄው ነበር።»

ያን ዕለት ከሰዓት፣ እሷ እየሰማች፣ ስልኬን አነሳሁና የማውቀው ሰው ሁሉ ዘንድ ደወልኩ። ሌሎች ለመጥራት የሚፈሩትን ቃል በሙሉ አፌ ተናገርኩት። አንጎሌ ውስጥ አኑሪዝም አለ፤ ልታከም ነው። አንዳንዱ አለቀሰ፤ አንዷ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ እንዴት ይጻፋል ብላ ጠየቀችኝ። ርዕሰ መምህራችንም ዘንድ ደወልኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ደግም ናቸው።

«አንቺ ብቻ ዳኝልን» አሉኝ። «ስለ ሥራው አታስቢ። ሜዳውን ለሌላ መምህር ሰጥተነዋል፤ ስትመለሺ ቤተ መጻሕፍት ትቀመጫለሽ።»

ትቀመጫለሽ። ከሰማሁት ሁሉ እንደዚያች ቃል ያሳመመኝ የለም።

አዲስ አበባ ያከመችኝ ሐኪም አጭር፣ ቆፍጣና ሴት ናት። ፎቶዎቹን ይዤ ስገባ አስቀድሜ ያሰብኩትን ነገርኳት። እብጠቱን ሲሞሉ ያቺንም ደም ስር አብረው ይዝጉልኝ፤ እስከ ዛሬ መዘጋት ነበረባት፣ ትዘጋ።

«አልዘጋትም» አለችኝ።

«ለምን?»

«ነይ እይ።» ምስሉን አዞረችው። «የሌላ ሰው የኋላ አንጎል ደም የሚያገኘው ከአንገት ሽቅብ ከሚወጣው ከዚህ ነው። የሌላው ሰው እንደ ጫማ ማሰሪያ ይወፍራል። ያንቺን እይው፣ ክር ነው። የኋላው አንጎልሽ የሚጠጣው ካልተዘጋችው ደም ስር ነው። ሚዛንሽ፣ አካሄድሽ፣ እይታሽ፣ ይሄ ሁሉ። እሷን ብዘጋት ከዚህ አልጋ አትነሺም።»

ምስሉን አየሁት። ሜዳ ላይ በአንድ እግሬ ቆሜ ኳስ ሳነጥር፣ ልጆቹን «ሚዛናችሁን ጠብቁ» እያልኩ ስጮህ፣ ደሙን የምታመላልሰው እሷ ነበረች። ሁላችንም እንከን ስንላት።

«ስለዚህ ትርፍ አይደለችም» አልኩ።

«አይደለችም። የምሞላው ጎኗ ላይ ያበጠውን ብቻ ነው፤ እሷን ክፍት አድርጌ። ከባዱም እሱ ነው።» ከዚያ አደጋውን አንድ በአንድ ነገረችኝ። በሥራው ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ደም ረግቶ አንዱን ጎኔን ሽባ ሊያደርገኝ ይችላል። ጨርሶ ላይሞላም ይችላል። ዓይኔም ላይመለስ ይችላል። ምንም አላለሳለሰችውም። አመሰገንኳት።

የፈቃዱ ፊርማ ላይ ግን ተጣላን፤ ከእሷ ጋር ሳይሆን መስኮት ላይ ተቀምጦ ቅጽ ከሚያስፈርመው ወጣት ጋር።

«አባት የለሽም?»

«ሞቷል።»

«ባል? ወንድም?»

«እኔ አለሁ። ራሱ የኔ ነው።»

«ኃላፊነት የሚወስድ ወንድ ቢሆን ይሻል ነበር…»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ከኋላዬ እናቴ ቀደመችኝ። በሕይወቷ ለቢሮ ሰው ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። «ስማ አንተ ልጅ» አለችው። «አምጬ የወለድኳት እኔ እንኳ ልፈርምልሽ አላልኳትም። አንተ የማን ነህ? ወረቀቱን ስጣት!»

ሰጠኝ። ፈረምኩ።

ሥራው የተሠራው ተኝቼ ስለሆነ የማስታውሰው ነገር የለም። በብሽሽቴ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ሽቅብ እስከ ራሴ ወስደው፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ እብጠቱን ሞሉት። ስነቃ መጀመሪያ የእግሬን ጣቶች አንቀሳቀስኩ። ተንቀሳቀሱ። ቀጥዬ እጄን። ከዚያ ዓይኔን በጣቴ ከፍቼ ቀና ስል ሁለት እናት ከላዬ ቆመዋል።

«አሁንም ሁለት ናችሁ» አልኳት።

«እንኳን ሁለት ሆንኩልሽ» አለችና ሁለቱም አለቀሱ።

ሐኪሟ ነርቩ ለመመለስ ወራት እንደሚፈልግ፣ ምናልባትም ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ ነገረችኝ። ከእብጠቱ ሥር ትንሽ ቦታ አለመሙላቱንም አልደበቀችኝም፤ በየጊዜው እየታየ ይጠበቃል። ተረፍኩ እንጂ ጨርሼ አልዳንኩም።

ክረምቱን እናቴ ዘንድ ደጋ ከረምኩ። የዓይኔ ቆብ እንደ ሰነፍ ተማሪ ቀስ እያለ ተነሳ፤ ሐምሌ ላይ ግማሽ፣ ነሐሴ ላይ ከዚያ ትንሽ ከፍ። ወደ ቀኝ ስመለከት ግን ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ ሁለት ነው። የመንደሩ ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ድምፁ ራሱ የሚያፈነዳኝ ይመስል። ልጆች ሲጮሁ ይቆጣሉ። አንድ ቀን ተነስቼ ከልጆቹ ጋር ጮህኩ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና ተመልሳ ገባች።

መስከረም ሲያልቅ ወደ ሸሕዲ ወረድኩ። ከጎንደር የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ሳሉግ በምንላቸው፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ በሚወርዱ ቀን ሠራተኞች ተሞልቶ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው የወሎ ሰው ዓይኔን አይቶ፣ «ምን መታሽ፣ እቴ?» አለኝ። ነገርኩት። ጥቂት አሰበና፣ «ታዲያ ወደ ቆላ ምን ትሠሪ ትወርጃለሽ?» አለ። «አንተስ?» አልኩት። «እኔማ ሥራ አለኝ።» «እኔም።» ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ የያዘውን ቆሎ አካፈለኝ።

ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ውስጥ ተነስተው አቀፉኝ። የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ይሄንን አልቀበልም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ለአንቺ ብዬ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ሐኪሜ ማስተማር ትችላለች ብላለች። ከባድ አላነሳም፣ በራሴ ኳስ አልመታም፣ ሌላው ተፈቅዶልኛል። ይኸው ወረቀቱ።»

አነበቡት፣ አጠፉት፣ መልሰው አነበቡት። «ልጆቹ ፊት ብትወድቂስ?»

«ያነሱኛል።»

«እንደ ቀልድ አትውሰጂው! ወላጅ መጥቶ ልጄ ፊት መምህሯ ሞተች ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

ጠረጴዛቸው ላይ፣ ከማህተሙ አጠገብ፣ ጠዋት ጠዋት የሚውጡት የደም ግፊት መድኃኒት ተቀምጧል። አየሁት፤ እሳቸውም ማየቴን አዩ። «እርስዎንስ፣ ጋሼ፣ ማን ቤተ መጻሕፍት አስቀመጠዎት?»

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ግን የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ወደ መሳቢያቸው መለሱት። «ሁለት ክፍል እሰጥሻለሁ። ሁለት ብቻ። በቀትር ፀሐይ የለም።»

ሁለቱን ወሰድኩ። ጥር ላይ የቀሩትንም ወሰድኩ፤ የተካኝ መምህር ወደ መተማ ዮሐንስ ስለተዛወረ ሌላ ሰው አልነበራቸውም። አንድ ወላጅ ልጁን ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ሊያስቀር ሞከረ፤ ልጅቷ ራሷ እየሮጠች ተመለሰች። አሁን ሳስተምር ግራ ዓይኔን በፕላስተር ዘግቼ ነው፤ አንድ ዓይን አንድ ኳስ ነው የሚያሳየው። ማሳየት የማልችለውን በአፌ እናገራለሁ። አፌ ጤነኛ ነው፣ አክስቴ ምስክር ናት።

በቅርቡ ለክትትል ጎንደር ስወጣ የመጀመሪያው ሐኪሜ አንድ ነገር ለመነኝ። ፎቶዬ ብዙ ጊዜ የማይታይ ስለሆነ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ይፈልጋል፤ ስሜ አይጠቀስም፣ ፊቴ አይታይም።

«እኔም ልገኝ እንጂ» አልኩት። «ራሴ ብቻውን ለምን ይሄዳል?»

ነጭ ጋውን የለበሱ ወጣቶች የሞሉበት ክፍል ገባሁና ከስክሪኑ አጠገብ ቆምኩ። ሐኪሙ ያልተዘጋችውን ደም ስር አሳያቸው፣ እብጠቱን አሳያቸው፣ ሽቦው ከገባ በኋላ ያለውንም። ስለ ደሙ አካሄድ፣ ስለ ነርቩ ብዙ ጠየቁት፤ እኔም የማላውቀውን ብዙ ሰማሁ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። ጥያቄዋ ለእኔ ነበር።

«አይፈሩም?»

«እፈራለሁ» አልኳት። «ራሴን ባመመኝ ቁጥር እፈራለሁ። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ እግሬን አንቀሳቅሳለሁ። ግን ፈርቼ ቁጭ ብዬም አይቼዋለሁ፤ ፈርቼ ቆሜም አይቼዋለሁ። ቆሞ መፍራት ይሻላል።»

ልጅቷ ጻፈችው፤ ምን ብላ እንደጻፈችው አላውቅም። ሐኪሙ ሌላ ጥያቄ እንዳለ ሲጠይቅ ሰዓቴን አየሁ። ወደ ሸሕዲ የሚወርደው ሚኒባስ ሞልቶ ሳይሄድብኝ መድረስ ነበረብኝ፤ ቦርሳዬን አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸውና ወጣሁ።